ወሬው ያልጠፋው ሰው

ችሎት አስከባሪው በሩ ላይ ቆሞ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠራ።

«አቶ እንየው! አቶ እንየው! አቶ እንየው!»

ችሎቱ ውስጥ የነበርን ሁላችንም አንገታችንን ወደ በሩ አዞርን። እንደማይገቡ እናውቃለን። ጋሽ እንየው ከጠፉ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ እዚያ የተቀመጥነውም መጥፋታቸው በፍርድ እንዲታወቅልን ጠይቀን ነው። ያም ሆኖ ዳኛው እንኳ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጥቂት ጠበቁ። በበሩ የገባው የጠዋት ጭጋግ ብቻ ነበር።

አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቤቱታ መጻፍ ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ስጽፈው ሦስት ጊዜ አቋርጬ ቀና ብያለሁ፤ እንደ ድሯቸው ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው የማገኛቸው እየመሰለኝ።

ልማዳቸው እንደዚያ ነበር። ቢሯችን እንጅባራ ውስጥ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ነው፤ ደረጃው የጣውላ ነው። ማንም ሲወጣ ከመጀመሪያው እርከን ጀምሮ ይንቋቋል። ደንበኛ መምጣቱን የምናውቀው በዚያ ነው። ጋሽ እንየው ሲወጡ ግን አይሰማም። ከወረቀቴ ቀና ስል አመድማ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ቆመው አገኛቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ አስደነገጡኝ እኮ!» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሬጅስትራር ሲሄድ አይሰማም፤» አሉኝ። «ከተሰማ የዳኛውን ሐሳብ ያቋርጣል።»

ለብዙ ዘመን የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። በማታ ትምህርት ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ጡረታ ሲወጡ የጥብቅና ፈቃድ አወጡና ከአቶ ደመላሽ ጋር ሁለቱን ክፍል ተከራዩ። ደመላሽ የነጋዴን ጠባይ የሚያውቅ፣ ቀልጣፋ፣ ቶሎ የሚናደድ ቶሎም የሚበርድለት ጠበቃ ነው። ጠበቆች በድርጅት መልክ ተቋቁመው እንዲሠሩ የሚፈቅደው ሕግ ሲወጣ እኔን ሦስተኛ አባል አድርገው አስገቡኝ። ያኔ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራችን የንግድ ነገር ነው፤ ማኅበር ማቋቋም፣ ማኅበር ማፍረስ፣ ውል፣ የንግድ ምዝገባ፣ የሸሪኮች ጠብ። ደንበኞቻችን የከሰልና የድንች ነጋዴዎች፣ የዳንግላ ጨርቅ ሻጮች፣ ሚኒባስ በሽርክና የገዙ ወንድማማቾች ናቸው።

አዲስ አዋጅ ወይም መመሪያ ሲደርሰን ጋሽ እንየው «እንግዳ መጣ» ይላሉ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡታል። ሃምሳ ገጽም ቢሆን ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እኔና ደመላሽ ከውጭ ሆነን፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ሲሉ፣ እንደተጠየቀ ሰው ያንኑ አንቀጽ ቀስ ብለው ሲደግሙት እንሰማለን።

«ለማን ነው የሚያነቡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሕግ የሚጻፈው ለሌለ ሰው ነው፤» አሉኝ። «ላልተወለደው፣ ገና ላልመጣው፣ ለሞተው። እኛማ በመካከል የምናልፍ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ ለባለቤቶቹ ይነበብላቸዋል።»

ሲናገሩ አይስቁም። ቀልድ ይሁን አይሁን ለማወቅ ፊታቸውን ብመለከትም ምንም አላገኘሁበትም።

ካነበቡ በኋላ ፊትና ጀርባ ያላት አንዲት ወረቀት ያዘጋጃሉ። አዲሱ ሕግ ለነጋዴ ምን እንደሚል፣ ድርጅታችን በወሩ ምን እንደሠራ፣ የትኛው ማኅበር እንደተቋቋመ፣ የትኛው እንደፈረሰ ይጽፉባታል። የፈረሰውን ማኅበር ስም በጥቁር ክፈፍ ነው የሚያወጡት፤ ልክ እንደ ሰው የሐዘን ማስታወቂያ። «ሕግ የሰውነት መብት ሰጥቶት ነበር፤» ይላሉ። «አባላቱ ተጣልተው ቢበተኑ ማኅበሩ በመዝገብ ላይ ይኖራል። ሳያፈርሱት መሄድ ሬሳ ሳይቀብሩ እንደ መሄድ ነው።»

የወረቀቷ ራስጌ «የሕግ ወሬ» ይላል። ደመላሽ ይህን ስም አልወደደውም ነበር።

«ወሬ ይቀላል ጋሼ። ‹የሕግ መረጃ› ብንለው ምን አለ?»

«ወሬማ የሕግ ቃል ነው። ሰው ጠፋ የሚባለው መቼ ነው? ወሬው ሲጠፋ አይደለም?»

ወረቀቷም በስሟ ጸናች።

በየወሩ መጀመሪያ ወረቀቶቹን በብብታቸው ይዘው በሚኒባስ ጥሊሊ ይወርዳሉ፤ በሌላ ቀን ወደ ዳንግላ ይሄዳሉ። ጥሊሊ ገበያ ዳር ቆመው በአማርኛ ያነባሉ፤ በአዊኛ ያስረዳሉ። አብሬያቸው የሄድኩባቸው ቀናት አሉ። በጎች ይጮሃሉ፣ የመኪና ረዳቶች ይጣራሉ፤ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ሆኖም ድንች ዘርግተው የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ይሰማሉ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው የሐጂ ሰይድን ጉዳይ ነው። ሐጂ ሰይድ የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የጋሽ እንየው የወጣትነት ወዳጅ። አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ሱቃቸውን በዚያ ለማስመዝገብ መጡ። ሕጉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ቢሞት ወይም ራሱን መቻል ቢያቅተው ማኅበሩን የሚይዘው ሰው አስቀድሞ መሰየም አለበት። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ይፈራል፤ ሟርት ይመስለዋል። ሐጂም ፈሩ።

«ይቺን ባዶ ተዋት እንየው። ሌላ ቀን እሞላታለሁ።»

«ሰው የሞቱን ቦታ በእጁ የሚሞላው እዚች ላይ ብቻ ነው። አትዝለላት።»

ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። የሚያዩት ሐጂን አልነበረም፤ ከሐጂ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ ሐጂ ወንበሩን ገልመጥ አድርገው፣

«ምን ታያለህ እዚያ?» አሉ።

«የምትጠራው ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው።»

ሐጂ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሁሉም ወንድማቸውን ይጠራሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን «ዘሃራ» አሉ፤ ትልቋን ሴት ልጃቸውን። ጋሽ እንየው ጻፉት። ከሐጂ ጋር ደረጃውን ስወርድ፣ «ወንድሜን ልል ነበር እኮ፤» አሉኝ። «አፌ ላይ የመጣችው ግን እሷ ናት።» በዚያው ዓመት ወንድምየው ታመው ከአልጋ ዋሉ። ይህን ከምንም ጋር አላያይዘውም። የሆነውን ነው የምናገረው።

እኔን ደግሞ እንዲህ አስተማሩኝ። ከመጀመሪያ ጉዳዮቼ በአንዱ ደንበኛዬን የሚጎዳ ነገር ከአንድ ሰው ሰምቼ ለዳኛው ሳልናገር ቀረሁ። አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። በነጋታው፣ ቢሮ እንደገባሁ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠሩኝ።

«አንች ልጅ፣ ትናንት ወሬ ቆረጥሽ።»

ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም።

«ጋሼ፣ አልተጠየቅሁም እኮ።»

«ጠበቃ ስትሆኝ ዳኛው ያልጠየቀሽንም ልትናገሪ ነው የማልሽው። ሂጅና ንገሪ።»

ሄድኩ፤ ነገርኩ፤ ጉዳዩን ተሸነፍኩ። ጋሽ እንየው ቃል አልተናገሩኝም፤ በዚያ ወር ወረቀት ላይ ግን ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ በድርጅቱ ዜና ውስጥ አወጡት።

የጠፉት ክረምቱ ሲገባ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተበት፣ ኔትወርክም የሌለበት ሳምንት ነበር። የዚያን ወር ወረቀት ማምሻውን አዘጋጅተን አባዝተን ነበር፤ ስለ ንግድ መዝገብ ማደስ ነው የሚያወራው። ጠዋት ሠላሳውን ቅጂ ይዘው የጥሊሊን ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጥሊሊ አልደረሱም።

ሾፌሩ በኋላ የነገረን ይህን ነው። ጥርባ ሐይቅ አካባቢ ሲደርሱ ጋሽ እንየው ትከሻውን ነካ አድርገው «አውርደኝ፤ የሚጠራኝ ሰው አለ» አሉት።

«ማንም አልጠራቸውም፤» አለ ሾፌሩ። «መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ውጭው ጭጋግ ነው። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። እሳቸው ግን ‹መጣሁ፣ መጣሁ› እያሉ ወረዱ።»

ሦስት ቀን ፈለግናቸው። ከቆሰበር፣ ከዚያው ከእንጅባራ፣ የወጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ደመላሽ ጫማው እስኪገነጠል የሐይቁን ዙሪያ ዞረ። የአካባቢው ሰዎች ገመድ አስረው ወደ ውኃው ድረስ ወረዱ። ቆብ የለ፣ መነጽር የለ፣ ከሠላሳው ወረቀት አንዲት ቅዳጅ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ገመዱን እየጠቀለሉ «እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ወፎቹ ይነግሩን ነበር» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኛም ተመለስን።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ለቅሶ አልተቀመጡም። እንዴት ይቀመጡ? ሞተ ያለ የለም። እድሩ መጥቶ ምን እናድርግ ሲላቸው «እኔም አላውቅ» አሉ። ጥቁር አልለበሱም፤ ነጭም አልለበሱም። በየሳምንቱ እሑድ እሄድ ነበር። የግቢው በር ቀንም ሌትም አይቀረቀርም።

«የምተኛው ጆሮዬን በር ላይ ትቼ ነው፤» አሉኝ አንድ ጊዜ። «መቸም ሲመጣ አይሰማም።»

ወሬው ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው በፍርድ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ያ ጊዜ ሲሞላ ደመላሽ ነገሩን አነሳው። በመዝገብ ድርጅታችን ሦስት አባላት አሉት፤ ማንኛውም ለውጥ የሦስቱን ፊርማ ይጠይቃል። ፈቃድ ማደስ አቃተን፣ አዲስ አባል ማስገባት አቃተን። ከቢሮው በላይ ግን የእትዬ ሙሉ ነገር ነበር። ጉዳዩን ሳነሳባቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው እጄን ያዙና፣

«ዳኛው አንድ ቃል ይስጡኝ፤» አሉ። «ሞተ ይበሉኝና ላልቅስ።»

አቤቱታውን አስገባን። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ እንዲወጣ አዘዘ። ወሬያቸውን የሰማ ካለ እንዲቀርብ የሚል ወረቀት በየአደባባዩ ተለጠፈ። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ፣ ደረጃው ተንቋቋ፤ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ስለ ጠፋው ወዳጃቸው ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ንግድ መዝገብ ነው። የማኅበራቸውን መዝገብ በአዲሱ መልክ በኮምፒዩተር ማስገባት እንዳለባቸው ሰምተው ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ፈለጉ።

መመሪያው እኛ ዘንድ የደረሰው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ለማንም አልተናገርንም፤ ዳንግላ ውስጥ ያለው ሰው ሊያውቀው አይችልም።

«ማን ነገረዎት ሐጂ?»

«እንየው ነዋ።»



«የትኛው እንየው?»

«ስንት እንየው አለ? ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ‹እንግዳ መጥቷል፤ መዝገቡን ቶሎ አስገባ፤ ለዘሃራም አሳያት› አለኝ። ያቺን አመድማ ካፖርቱን ለብሷል። ለምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ? ተመልሷል ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። እናንተ ዘንድ የለም እንዴ?»

ማስታወቂያውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ተነሥተው ወጡ፤ የመጡበትንም ጉዳይ ረሱት።

በሳምንቱ ሁለተኛይቱ ሰው መጣች፤ ወይዘሮ አለምነሽ የምትባል የጥሊሊ ድንች ነጋዴ። አማርኛዋ ጥቂት ስለሆነ በአዊኛ ነው የተነጋገርነው። ከመቀነቷ አንዲት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የሕግ ወሬ» ይላል። ያቺ ናት፤ የዚያ ወር ወረቀት፣ ከሠላሳዎቹ አንዷ። ወደ ጥሊሊ ተወስዳ ያልደረሰችው። ገና ከማባዣው የወጣች ትመስላለች።

«መቼ አገኘሽው?»

«ባለፈው ገበያ። ሽማግሌው ሰጡኝ። አንብበው አስረዱን፤ ከዚያ አንዳንድ ሰጡን።»

«ስንት ነበራችሁ?»

«እኔና ሁለት ሴቶች። ሌላው ሰው አላያቸውም መሰለኝ፤ በጎን በጎናቸው ያልፋል።»

ለደመላሽ ነገርኩት። ወረቀቷን ገልብጦ ገልብጦ አያት።

«አንዱ ጥርባ ላይ ጥቅሉን አግኝቶ ይሆናል። አሁን እያደለ ይሆናል። ሐጂም አርጅተዋል፤ ቀን ይምታታባቸዋል።»

«መመሪያውስ?»

ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋው፤ ብርድ አልነበረም።

«ስሚ፤» አለኝ ቆይቶ። «ይህን ለዳኛ ብንናገር አቤቱታው ወደቀ። ቢሮውን ተይው። የሴትዮዋን ፊት እንዴት ታያለሽ?»

ትክክል ነበር። ግን ወሬ ቆርጬ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚያንገበግብም አውቃለሁ። ከዳኛው በፊት ለእትዬ ሙሉ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ምን ለብሷል አሉ ሐጂ?»

«አመድማ ካፖርታቸውን።»

ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ፤ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ካፖርቱ ነበር። ክርኑ ላይ እትዬ ሙሉ ራሳቸው የጣፉት ጨርቅ አለ።

«ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ዝናብ መትቶት እሳት ዳር ሰቅዬው ነበር፤» አሉ። «አልደረቀም። በዚያ ብርድ በኩታ ነው የሄደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ካፖርቱ ጭኔ ላይ ከበደኝ። ላነሣውም፣ ላቆየውም አልቻልኩም። እትዬ ሙሉ መልሰው ጠቀለሉትና፣

«ለዳኛው ንገሪ፤» አሉ። «ዋሽተሽ ብታስፈርጅልኝ ለቅሶዬ አይወጣም።»

እንግዲህ ያን ቀን፣ ስማቸው ሦስት ጊዜ ከተጠራ በኋላ፣ ተነሥቼ የሰማሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ደመላሽ አጠገቤ ጠረጴዛውን እያየ ተቀምጧል። ዳኛው ሐጂ ሰይድንና ወይዘሮ አለምነሽን አስጠሩ። ሐጂ በቁርአን ማሉ።

«አቶ እንየውን በአካል አይተዋቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ሌላ የሚመስል ሰው እንዳልሆነ በምን አወቁ?»

«አርባ ዓመት የማውቀው ሰው ነው ክቡር ዳኛ። የልጄንም ስም ጠርቶ ነው ያናገረኝ።»

ወይዘሮ አለምነሽ በአስተርጓሚ መሰከረች፤ ወረቀቷም ተያያዘ። ዳኛው የካፖርቱንም ነገር በማስታወሻቸው ጻፉ፤ ግን ካፖርት ምስክር አይሆንም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ውሳኔው ተነበበ። በጉዳዩ ጥቅም የሌላቸው ሁለት ሰዎች አየን ብለው ምለዋል፤ ስለዚህ የሰውየው ወሬ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም፤ አቤቱታው ውድቅ ነው፤ ሁለት ዓመቱም የሚቆጠረው ወሬያቸው ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰማበት ቀን ነው።

የፍርድ ቤቱን ደረጃ እትዬ ሙሉን ደግፌ ስወርድ ደመላሽ ከኋላችን፣

«ሰው ባያቸው ቁጥር ከአንድ ልንጀምር ነው ማለት ነው፤» አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር።

እትዬ ሙሉ ከአጥሩ ዳር ቆም አሉ።

«ለመዝገቡ በሕይወት ይኑር፤» አሉ። «እኔ ግን እሑድ ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

ቄሱ ሞቱ ሳይታወቅ ፍትሐት አይደረግም አሉ። እድሩም ተሰብስቦ ሞት ላልተረጋገጠለት ሰው ጥሩምባ አናስነፋም ብሎ ወሰነ። ድንኳኑንና አግዳሚውን ግን ላከ። እሑድ ጥሩምባ ሳይነፋ ሰው መጣ። ከጥሊሊ ድንች ነጋዴዎቹ መጡ፤ ከፍርድ ቤት ጡረተኞች መጡ። የሬጅስትራርነት ዘመናቸው ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። እትዬ ሙሉ ከፊቱ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሁለት ዓመት የጠበቁት ቀን መጥቶ እንባው እምቢ አላቸው። አንዲት ዘመዳቸው «አልቅሽ እንጅ፣ አልቅሽ» እያለች ጀርባቸውን ትመታለች። እሳቸው ፎቶውን ያያሉ።

ከሰዓት ላይ ሐጂ ሰይድ ከዳንግላ ደረሱ። ነጭ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ከእኔና ከደመላሽ አጠገብ ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንደ ልጅ ነበር የሚያለቅሱት። ዝናቡ ያን ጊዜ ጀመረ፤ የድንኳኑ ሸራ ተንኳኳ፣ ሙሾው ተዋጠ፣ ሰው ወደ መካከል ተጠጋ።

ደመላሽ አልቻለም።

«ሐጂ፣» አለ ዝቅ ብሎ፣ «አየሁት ብለው በቁርአን ምለዋል። አሁን ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

«ምያለሁ። አይቸዋለሁም። ዳኛው የጠየቁኝን መለስኩ።»

«ያልጠየቁዎት ምን አለ?»

ሐጂ ከሸራው ጫፍ የሚወርደውን ውኃ ሲያዩ ቆዩ።

«የዚያን ቀን እንዲህ ነበር የሚጥለው፤» አሉ። «ከሱቄ መናኸሪያው እስክደርስ እስከ ካልሲዬ በስብሻለሁ። እሱ ጣራ ሥር አልነበረም። ሜዳ ላይ፣ ዝናቡ መካከል ቆሞ ነው ያናገረኝ። ሲጨርስ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ። እጁ ደረቅ ነው። ቀና ብዬ ፀጉሩን አየሁ፤ ፊቱን አየሁ። አንዲት ጠብታ የለበትም።»

እትዬ ሙሉ መስማታቸውን ያወቅሁት ፊታቸውን ከፎቶው ወደ ሐጂ ሲያዞሩ ነው። ደንግጬ ልነሣ ስል በእጃቸው መለሱኝ።

«አልረጠበም?» አሉ።

«አልረጠበም ሙሉ።»

«ምንም?»

«ወላሂ፣ ምንም።»

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

«እንግዲያ አልበረደውም፤» አሉ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ።